«ተንቃጨለ» ከድምፁ ወይስ ከቃጭሉ?

ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ላይ ተቸንክሬ ቀርቻለሁና እባካችሁ እርዱኝ። ብረት ከብረት ሲጋጭ «ተንቃጨለ» እንላለን፤ «ቃጭል» ደግሞ በቅዳሴ ጊዜ የሚደወለው ትንሹ ደወል ነው። ታዲያ የትኛው ከየትኛው ወጣ? ዕቃው ስሙን ከድምፁ አገኘ ወይስ ግሱ ከዕቃው ተወለደ? «ተንኳኳ» እና «ተንጫጫ» ድምፁን ደግመው እንደያዙ ግልጽ ነው። «ተንቃጨለ» ግን የሚደጋገም ፊደል የለውም፤ እንቅልፍ የነሳኝም መጨረሻው ላይ ያለችው «ለ» ናት። ይባስ ብሎ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥1 ጸናጽሉ «የሚንሿሿ» ነው፤ እኔ ግን «ሿ» ሲባል የሚታወሰኝ የሚወርድ ውሃ ነው እንጂ ብረት አይደለም! «ጨ» በግእዝ ስለሌለ፣ ሥሩን በ«ጠ» ልፈልገው ወይስ በ«ጸ»?