ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ ድቡልቡል ሆኖ የቀረ የአፍንጫ ጫፍ፦ መርፌ፣ ፊለር ወይስ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን?

ሸጋ_ዱባይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኢስታንቡል ውስጥ አፍንጫዬን ከተሠራሁ 14 ወር ሆነኝ። የተሠራው በክፍት ዘዴ ነው፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ባለችው ዓምድ ላይ ቀጭን ጠባሳ አለኝ። ከላይ ያለው ሰልካካ ወጥቷል፣ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ጫፉ ነው፦ ከፊት ድቡልቡል፤ ከጎን ሲታይ ደግሞ ከጫፉ በላይ ያለው ቦታ ከጫፉ ራሱ ከፍ ብሏል። ቆዳዬ ወፍራምና ወዛም ነው። በኃይል አየር ስስብ የግራው ክንፍ (የቀዳዳው የውጭ ጎን) ወደ ውስጥ ይለጠፋል። ስቴሮይድ (እብጠትና ጠባሳ የሚቀንስ መድኃኒት) መወጋት፣ ፊለር (ቆዳ ሥር የሚወጋ መሙያ) ወይም ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የሚል ሐሳብ ከየአቅጣጫው ቀርቦልኛል። የቱ ለየትኛው ችግር ነው?

አንገት_በላይ፦
እህቴ፣ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አንደኛው ከቆዳው ሥር የተጠራቀመ ጠባሳ ነው። ሁለተኛው ከጫፉ በላይ ያለው የማካፈያው (ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ) ካርቲሌጅ፣ ማለትም ልም አጥንት፣ በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በቂ ያህል ሳይወርድ መቅረቱ ነው። ሦስተኛው ጫፉ ድጋፉን አጥቶ መውረዱ ነው፤ ያኔ ከላይ ያለው ቦታ ምንም ሳያብጥ ያበጠ ይመስላል። የበቀቀን መንቁር የሚሉት ቅርጽ ከሦስቱም ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ተደባልቀው ነው የሚገኙት።

መስታወት ፊት ቆመሽ የምትሞክሪው አለ። ጫፉን በሌባ ጣት ወደ ፊትሽ ተጫኚው። ድጋፍ ያለው ጫፍ እንደ ስፕሪንግ ይታገላል፣ ስትለቂውም ወዲያው ይመለሳል። ሳይታገል ሰተት ብሎ ከገባ ምሰሶው ደክሟል። ቀጥሎ ከጫፉ በላይ ያለውን እብጠት በሁለት ጣት ቆንጥጪው፦ ከሥሩ ተነስቶ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ቆዳና ጠባሳ ነው፤ ደረቅ ሆኖ አልነቃነቅ ካለ ካርቲሌጅ ነው። ለግራው ክንፍ ደግሞ የጆሮ ጥጥ ወደ ቀዳዳው አስገብተሽ ክንፉን ከውስጥ በስሱ ደግፊና አየር ሳቢ። ከተከፈተልሽ የክንፉ ካርቲሌጅ ደክሟል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ግን ምን እንደምትጠይቂ አውቀሽ ትገቢያለሽ።

ክንፉ ለምን ይደክማል? ጫፍ ለማቅጠን ከክንፉ ካርቲሌጅ የላይኛው ጠርዝ ይቆረጣል። ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ወጥ ቁራጭ መቅረት አለበት። ከዚያ ካነሰ በኦፕራሲዮኑ ቀን ያምራል፤ ጠባሳው በወራት ውስጥ እየጠበቀ ሲሄድ ግን ክንፉን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ላይ ይጎትተዋል።

ወፍራም ቆዳን በተመለከተ፦ ነጠላ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያሳያል፣ ጋቢ ይሸፍናል። ወፍራም ቆዳ ጋቢ ነው። ከሥሩ ያለውን ካርቲሌጅ እየቀነስሽ በሄድሽ ቁጥር የሚወጥረው እያጣ ይደበለበላል። ስለዚህ እንዲህ ላለ ጫፍ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ሥራው መቁረጥ መሆኑ ይቀርና መገንባት ይሆናል። ከማካፈያው ፊት የሚተከል ምሰሶ ጫፉን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሁለቱ ጉልላቶች (የጫፉ ካርቲሌጆች የሚታጠፉበት ከፍታ) ቀስ ብሎ በሚሟሟ በ5-0 ፒዲኤስ ክር ይጠባሉ፤ ለክንፉ ደግሞ ከሥሩ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋትና ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ስስ ድጋፍ ይሰፋል። ማካፈያው ከፍ ብሎ ከሆነ በዚያው ይወርዳል።

ጊዜውን አትርሺ። ዝቅተኛው መጠበቂያ 12 ወር ነው፤ በወፍራም ቆዳ ግን የጫፍ እብጠት ከ18 እስከ 24 ወር ሊቆይ ይችላል። በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ርቀት ፎቶ ተነሺ፤ ካሜራውን አታቅርቢ፣ ሰልፊ አፍንጫን ያሳብጣል። ሦስት ወር ሙሉ ለውጥ ከሌለ ጠባሳው በስሏል።

ቆዳ_ክሊኒክ፦
ስለ መርፌው ልጨምር፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ትራያምሲኖሎን ነው። ብዙ ቦታ የሚገኘው ብልቃጥ በሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም የያዘው ነው። ያንን እንዳለ አፍንጫ ላይ መውጋት አይገባም። አንድ እጅ መድኃኒት በሦስት እጅ ሳላይን (የጨው ውኃ) ሲቀጠን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ከእሱም በአንድ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ብልቃጡ በደንብ ካልተወዘወዘ ፍሬው ሥር ይቀመጥና አንዱ ቦታ ውኃ፣ ሌላው ድፍድፍ ይደርሰዋል።

መርፌው የሚያርፈው ከጫፉ በላይ ባለው ክፍተት፣ ከካርቲሌጁ አጠገብ ነው። ሲገፋ ቆዳው ላይ ነጭ እንክብል ካበጠ መርፌው ቆዳው ውስጥ ነው ያለው፤ ወዲያው ማቆም ነው። በዚያ ከቀጠለ ቆዳው ይሳሳል፣ ይጎደጉዳል፤ እንደኛ ባለ ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ለወራት የማይለቅ ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። በቀጣዩ መርፌ መካከል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። በመጀመሪያው መርፌ ለውጥ ካልታየ መጠኑን ከፍ አድርጉልኝ ማለት አያዋጣም።

እውነቱን ለመናገር በ14 ወር ላይ ብዙ አልጠብቅም። መርፌ ትኩስ ጠባሳን ያለሰልሳል፤ ጥሩ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ካርቲሌጅ ከሆነ ጭራሽ አይነካውም፣ የደከመ ክንፍንም አያነሳም። ለወዙ የሚሰጠው አይዞትሬቲኖይን የተባለው ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳውን ያቀልላል፤ ነገር ግን ጽንስን ስለሚጎዳ ያለ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያና ያለ ጉበት ምርመራ አይጀመርም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት መቼ እንደሚቆም ቀዶ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ሸጋ_ዱባይ፦
አመሰግናለሁ። ሞከርኩት፤ ጫፉ ሰተት ይላል፣ ከላይ ያለው ግን ደረቅ ነው። በጥጡም ተከፈተልኝ። ፊለሩስ? አንድ ክሊኒክ «15 ደቂቃ ነው» ብሎኛል። ካርቲሌጁስ ከየት ይመጣል?

አንገት_በላይ፦
ፊለር ይጨምራል፣ አይቀንስም። ድቡልቡል ጫፍ ላይ ሲጨመር ይብስ ይደበለበላል። የሚያሳስበኝ ግን ደሙ ነው። በክፍት ዘዴ ሲሠራ በዓምዷ በኩል ወደ ጫፍ የሚወጡት ትንንሽ የደም ሥሮች ይቆረጣሉ። ከዚያ በኋላ ጫፉ የሚመገበው በዋነኛነት ከክንፎቹ በላይ በሚያልፉት ሁለት ሥሮች ነው፤ ዙሪያው ደግሞ በጠባሳ ተጨማድዷል። ፊለሩ አንዱ ውስጥ ከገባ ወይም ከውጭ ከተጫነው ቆዳው ይሞታል። እነዚህ ሥሮች ከዓይን ሥሮች ጋር ስለሚገናኙም መታወር ሊያስከትል ይችላል። ቆዳው ሲነጣ ወይም መረብ የመሰለ ሰማያዊ ምልክት ሲያወጣ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለርን የሚያሟሟው ሃያሉሮኒዴዝ በደቂቃዎች ውስጥ መሰጠት አለበት። ያ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ የሌለ ክሊኒክ አፍንጫ መንካት የለበትም። ለአንቺ አልመክርም።

የክንፎቹን ሥር አብሮ ማጥበብ የሚል ጥቅል ከቀረበልሽም አስቢበት፤ እነዚያ ሁለት ሥሮች የሚያልፉት እዚያው አካባቢ ነው።

ካርቲሌጁን በተመለከተ መጀመሪያ ማካፈያው ይታያል። ከፊትና ከላይ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ማዕዘን መቅረት ስላለበት የመጀመሪያው ሐኪም ወስዶት ከሆነ የሚተርፍ የለም። የጆሮ ካርቲሌጅ ለክንፍ ይመቻል፤ በተፈጥሮው ጎባጣ ነው፣ ጠባሳውም ከጆሮ ጀርባ ይደበቃል። ሲሊኮን ጫፍ ላይ አይቀመጥም፤ ቀስ በቀስ ቆዳውን በልቶ ይወጣል።

ስክራብ_ነርስ፦
በአንድ ነገር አልስማማም፤ ወይም ያልተባለ ነገር አለ። ጆሮ ለክንፍ ጥሩ ነው፤ ወፍራም ቆዳ ተሸክሞ ጫፉን የሚያቆም ምሰሶ ግን ከጆሮ ሲሠራ ይተኛል። ማካፈያው ካለቀ ለምሰሶው የጎን አጥንት ካርቲሌጅ ነው የሚሻለው፤ የሚወሰደው ከ6ኛው ወይም ከ7ኛው ነው፣ ለሴት ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ቁርጥ። ጉዳቱ መጣመሙ ነው። ጥንቁቅ ሐኪም ከመሐል ቆርጦ ሁለቱንም ጎን እኩል ይልጠዋል፤ ከዚያ ሳላይን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስቀምጠዋል፤ የሚጣመመው እዚያው ጣሳው ውስጥ ይታያል። ደረት ላይ ደግሞ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ሳላይን ይሞላና ማደንዘዣ ሰጪው ሳንባውን ይነፋል፤ አረፋ ካልወጣ የሳንባው ሽፋን አልተነካም። ሁለቱንም ያደርጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው። የሚቆጣ ካለ ሌላ ፈልጊ።

ዝግጅቱ አጭር ነው። ሲጋራም ሺሻም ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ከ2 ሳምንት በፊት ይቆማሉ፤ አስፕሪኑን ለልብ ያዘዘልሽ ሐኪም ካለ ግን ሳትጠይቂው አትንኪ። የነጭ ሽንኩርት እንክብልም ያደማል፣ ሰው አይቆጥረውም። የዓምዷ ስፌት ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ለወፍራም ቆዳ ማታ ማታ ከጫፉ በላይ ፕላስተር ለ6 ሳምንት ያህል ይለጠፋል።

ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ወረቀት አስመጪ። የቱርክ ሆስፒታሎች ስትወጪ የሚሰጡት «ኤፒክሪዝ» ማጠቃለያ ብቻ ነው፤ ምን ያህል ካርቲሌጅ እንደተወሰደና ምን እንደተተከለ ብዙ ጊዜ አይናገርም። በኢሜይል ስትጠይቂ «አሜሊያት ኖቱ» በዪ። የኦፕራሲዮኑ ዝርዝር ያለው እዚያ ላይ ነው።