የጨቅላ ሕፃናትን ፎቶ ስናነሣና ስናስተካክል ወሰኑ የት ነው?

ጥያቄ (ፎቶ አንሺ፣ አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሠርግና በክርስትና ፎቶ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ በቅርቡ ግን ደንበኞቼ አዲስ የተወለዱ ልጆቻቸውን እቤታቸው ሄጄ እንዳነሣላቸው እየጠየቁኝ ነው። በመጪው ሳምንት የማነሣት ሕፃን ገና ዐሥር ቀኗ ሲሆን፣ ወላጆቿ ከኢንተርኔት ያገኙትን አንድ ፎቶ ልከው እንዲህ ያለውን እንፈልጋለን ብለውኛል፤ በፎቶው ላይ ያለው ሕፃን በሆዱ ተኝቶ አገጩን በሁለት እጆቹ ደግፏል። ይህ አቀማመጥ እንዴት እንደሚሠራና ለሕፃኗ ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ቀለም ነው። የጨቅላ ሕፃን ፊት ቢጫ፣ እጅና እግሩ ደግሞ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይወጣል፤ ቆዳውም በዚህ ሰሞን ይላላጣል። ይህን በላይትሩምና በፎቶሾፕ ሳስተካክል ፊቱ እንደ ፕላስቲክ እንዳይሆን ምን ላድርግ? የሕፃኗ አክስትም «ስትሠሪው ትንሽ ቀላ አድርጊያት» ብለውኛል፤ ለዚህ ጥያቄ ምን ዓይነት መልስ እንደምሰጥ ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ (ፎቶ አንሺ፣ ሐዋሳ)

እኅቴ፣ የላኩልዎትን ዓይነት ፎቶ ጨቅላ ሕፃን በራሱ ጉልበት ሊያደርገው አይችልም። የሚሠራው ከሁለት ፎቶ ነው፤ በአንደኛው ረዳቱ የሕፃኑን ራስ ከላይ በጣቶቹ ይይዛል፣ በሌላኛው እጆቹን ከአንጓቸው ላይ ይደግፋል፤ በኋላም ሁለቱ በፎቶሾፕ ተደርበው የረዳቱ እጅ እንዲጠፋ ይደረጋል። ለዚህም ካሜራው በትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ መቆም፣ የብርሃኑ ልክና ፎከሱም በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ፈጽሞ አለመለወጥ አለበት። ሕፃኑ ግን ለአፍታም ቢሆን ያለ ደጋፊ እጅ አይቀመጥም። ሥልጠና ያላገኘ ሰው ይህን አቀማመጥ ጨርሶ እንዳይሞክረው እመክራለሁ፤ ለወላጆቹም እንዴት እንደሚሠራ ቢያስረዷቸው አብዛኞቹ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

በስስ ጨርቅ ተጠቅልላ በጀርባዋ የተኛች ሕፃን፣ በእናቷ ደረት ላይ የተኛች ሕፃን፣ የአባቷን አውራ ጣት የጨበጠች ትንሽ እጅ፤ እነዚህ ሁሉ ያለ አደጋ የሚነሡና ቤተሰቡ ዘመኑን ሁሉ የሚያያቸው ፎቶዎች ናቸው።

ብርሃንን በተመለከተ አንድ ሰፊ መስኮት ይበቃዎታል። የቤቱን አምፖሎች በሙሉ ያጥፉ፤ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀል የሚፈጠረውን ቀለም በኋላ ማረም እጅግ አድካሚ ነው። ሕፃኗን ብርሃኑ ከአናቷ ወደ አገጯ እንዲወርድ አድርገው ያስተኟት፤ ከእግሯ በኩል ከመጣ የአፍንጫዋ ጥላ ወደ ላይ ይወጣና ፊቷን ያበላሸዋል። ጋቢ ላይ ካስተኟት ደግሞ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃኑን ስለሚቀንስ ፊቷ ይጨልማል፤ ስለዚህ የብርሃኑን ልክ ከፊቷ ላይ ይለኩ። የጨለመውን በኋላ በኮምፒውተር ማንሣት በጥላው ውስጥ ነጠብጣብ ያመጣል፤ ይህም በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል።

መልስ (አዋላጅ ነርስ)

ስለ ፎቶ ሙያ ባላውቅም ስለ ሕፃኗ ግን መናገር ግዴታዬ ነው። የጨቅላ ሕፃን ራስ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ የአንገቱም ጡንቻ አልጠናም፤ አገጩ ወደ ደረቱ ሲታጠፍ የአየር መተላለፊያው ሊጠብ ይችላል። በእርግብግቢቷ ላይ የሚያጠብቅ የራስ ጌጥ አያድርጉ። እትብቷ ካልወደቀ ጨርቁ እንዳይጫነውና እንዳያረጥበው ይጠንቀቁ። እጅዎን ይታጠቡ፣ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፤ ጉንፋን ከያዘዎት ቀጠሮውን ያስተላልፉ።

ልብሷን አውልቃ የምትነሣ ከሆነ ክፍሉ መሞቅ አለበት። በክረምት የአዲስ አበባ ቤት ስለሚቀዘቅዝ ሰው ከሰል አቀጣጥሎ ያስገባል፤ ይህን ፈጽሞ እንዳትፈቅዱ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰውንም ይገድላል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሕፃኗ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ዕጣኑም ለጊዜው ይቅር።

የቆዳዋ ቢጫነት ግን የቀለም ችግር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ይለቃል፤ ሆኖም በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የታየ፣ መዳፍና ውስጥ እግር የደረሰ፣ ከ14 ቀን በላይ የቆየ፣ ወይም ጡት ከመጥላትና ከመፍዘዝ ጋር የመጣ ቢጫነት በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ያስኬዳል። በጠይም ሕፃን ላይ ደግሞ ከቆዳው ይልቅ በዓይን ነጭና በድድ ላይ ይለያል። እርስዎ በካሜራ አቅርበው የሚያዩ ሰው ስለሆኑ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ካዩ ፎቶውን ከማስተካከልዎ በፊት ለእናቷ ይንገሩ። የእጅና የእግር መቅላት ወይም በመጠኑ ወደ ሰማያዊ ማድላት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለመደ ነው፤ ከንፈርና ምላስ ወደ ሰማያዊ ካደሉ ግን አደጋ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ (ጠያቂዋ)

ከልብ አመሰግናለሁ። አገጭ የማስደገፉን ነገር እንደማልሠራው ለወላጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። አያቷ የራሳቸውን ባለጥለት ነጠላ እንድንጠቀም፣ ማተብም እንድናስርላት ይፈልጋሉ። የቀለሙን ጉዳይ ግን ገና አልመለሳችሁልኝም።

መልስ (ፎቶ አንሺ፣ ባሕር ዳር)

ነጠላው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጥለቱ ከፊቷ ርቆ ከእግሯ በኩል ይሁን። ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ከጉንጯ አጠገብ ከሆነ ቀለሙ ቆዳዋ ላይ ይንጸባረቃል፣ እርሱን ማጥፋት ደግሞ ከባድ ነው። ስለ ማተቡ ግን ቤተሰቡ የተዋሕዶ አማኝ ከሆነ ማተብ የሚታሰረው በክርስትናዋ ዕለት ነው፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፣ ወንድ በ40 ቀኑ። ስለዚህ ለፎቶ ብሎ አስቀድሞ ማሰሩ ተገቢ አይመስለኝም፣ ለክርስትናው ፎቶ ቢቆይላቸው ይሻላል። አንዳንድ ቤተሰብ ከዚያ በፊት የልጁ ፊት በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲወጣ አይፈልግምና ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ይቀበሉ።

መልስ (ፎቶ ኤዲተር)

እኔ የምሠራበት መመዘኛ አንድ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጠፋውን ማለስለስ ይቻላል፣ አብሯት የሚያድገው ግን አይነካም። የደረቀ ወተት፣ በጥፍሯ የቧጨረችው፣ የሚላላጥ ቆዳ ይነሣል። የልደት ምልክት፣ በብዙ አፍሪካውያን ሕፃናት ጀርባና መቀመጫ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጥላም ጭምር፣ እናቷ ካልጠየቁ በቀር ይቆያል።

ፎቶውን በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ያንሡ፤ ጄፔግ ለቆዳ ቀለም እርማት በቂ መረጃ አይሰጥዎትም። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግራጫ ካርድ አስገብተው ዋይት ባላንሱን (የብርሃኑን ቀለም ማመጣጠኛውን) ከእርሱ ያውጡ፤ ብዙ ጊዜ ቢጫ የመሰለው ነገር ግማሹ በዚህ ብቻ ይስተካከላል። ከዚያ በላይትሩም የቢጫውን ሙሌት (የቀለሙን ድምቀት፣ saturation) ከመቀነስዎ በፊት ቃናውን (የቀለሙን ዓይነት፣ hue) በጥቂቱ ወደ ብርቱካናማ ይግፉት፤ የእኛ ቆዳ ውበቱ በብርቱካናማውና በቀዩ ውስጥ ስላለ ቢጫውን ዝም ብሎ መቀነስ ፊቱን አመድማ ያደርገዋል። የእጅና የእግሩን መቅላት በሙሉው ፎቶ ላይ ሳይሆን በማስክ (እርማቱ የሚነካውን ቦታ ብቻ በሚመርጠው መሣሪያ) ለይተው፣ ቀዩን በመጠኑ አደብዝዘውና ብሩህነቱን ከፍ አድርገው ይሥሩት። ከንፈሯ በዚህ እንዳይነካ፤ የገረጣ ከንፈር ሕፃኗን የታመመች ያስመስላታል።

ለማለስለስ ሥራ የቆዳውን ቀለምና ሸካራነት በፎቶሾፕ በተለያየ ሌየር (ንብርብር) ለይተው፣ ቀለሙን ብቻ ያስተካክሉ። በግንባሯና በትከሻዋ ላይ ያለው ስስ ጸጉር እንደነበረ ይቆይ፤ እርሱ ሲጠፋ ነው ፊቱ ፕላስቲክ የሚመስለው።

አክስቷን በተመለከተ በአክብሮት እምቢ ይበሏቸው። የጨቅላ ሕፃን ቆዳ ሲወለድ ከኋላው ይልቅ ፈካ ያለ ነው፤ በሚቀጥሉት ወራት ይጠይማል፣ የወደፊት መልኳም ብዙውን ጊዜ በጆሮዋ ጫፍና በጥፍሮቿ ሥር ይታያል። አሁን ቀላ ካደረጓት ከዓመት በኋላ በአልበሙ ያለችው ልጅ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ልጅቷም አድጋ ስታየው መልኳ እርማት ያስፈለገው እንደነበር ትረዳለች። ይህን በልጅ ላይ ማድረግ በጣም ያሳዝነኛል። አክስቷ የሚፈልጉት ፊቷ እንዲፈካ ብቻ ከሆነ ግን የሐዋሳው ወንድማችን እንዳሉት ብርሃኑን ከፊቷ ለክተው ያንሡ፣ የዓይኗንና የጉንጯንም ጥላ በነጭ ካርቶን ያፍኩ፤ መልኳ ሳይለወጥ ፎቶው ብሩህ ይሆናል።

ለኅትመት ሲልኩ የስክሪንዎን ብርሃን ቀንሰው ይሥሩ፤ ካልሆነ ጠይም ቆዳ በወረቀት ላይ ጨልሞ ይወጣል። ሙሉውን አልበም ከማሳተምዎ በፊትም አንድ ፎቶ በትንሹ አሳትመው በቀን ብርሃን ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩ።