ወንዝ የሚበክል ፋብሪካ ይዘጋ ወይስ ጊዜ ይሰጠው?

የሞጆ ልጅ፦ እስቲ እንነጋገርበት። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራው ምንድን ነው? መምከር ብቻ ነው ወይስ መዝጋትም? እኔ ይዝጋ ባይ ነኝ። ያደግኩት ሞጆ ነው። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ማታ ማታ ቤት ድረስ ይገባል። ወንዙ ደግሞ ቆቃ ሐይቅ ነው የሚገባው። ከቆቃ ዓሣ እንበላለን፤ ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ ይለማበታል።

የቆዳ ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ ሽታው ውስጥ የምውለው እኔ ነኝ። ግን ክሮም፣ ማለትም ቆዳ የምናለፋበት ኬሚካል፣ ያለበትን ፍሳሽ ማጣራት ቀላል አይደለም። ኬሚካል ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ መለዋወጫው በዶላር ነው። ፋብሪካው ቢዘጋ ባለቤቱ ሌላ ሥራ ይጀምራል። እኔ የቤት ኪራይ ከየት ላምጣ? መጀመሪያ የጋራ ማጣሪያ ይሠራ፣ የጊዜ ገደብ ይሰጥ።

የሕግ ተማሪ፦ መዝጋት ይችላል ወይ የሚለው እንኳን አያከራክርም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ድርጅትን እስከ መዝጋት ወይም ቦታ እስከ ማስቀየር ይፈቅዳል። የጎደለው አቅምና ነፃነት ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1987 ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ። በ2005 ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ኮሚሽን፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። በየጊዜው ስም እየተቀየረ ማን ሥር ይሰድዳል?

ሌላም አለ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን፣ ማለትም ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ የሚጠናበትን ሰነድ፣ የማጽደቅ ሥልጣን በአንድ ወቅት ለየዘርፉ ሚኒስቴር በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ማዕድን ይውጣ የሚለው መሥሪያ ቤት ራሱ ገምጋሚ ሆነ ማለት ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። በ2010 ጉጂ ውስጥ ያለው የለገ ደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ የታገደው ሕዝቡ ብክለቱን ተቃውሞ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ያገደውም ማዕድን ሚኒስቴር ነበር።

የአቃቂ እናት፦ ልጆቼ፣ እኛ ዘንድ ጎመኑ የሚጠጣው የአቃቂን ወንዝ ነው። ውሃውን የሚያጠቁረው ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ የከተማው ሽንት ቤት ፍሳሽም አለበት። ፋብሪካውን ብትዘጉት ያንን ማን ይዘጋል? ለማንስ ነው አቤት የምንለው?

የሕግ ተማሪ፦ እማዬ፣ ልክ ነዎት፤ ለከተማውም ፍሳሽ ተጠያቂ ያስፈልጋል። አቤቱታ ግን ማንም ሰው ማቅረብ ይችላል። እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ያስገባሉ። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

የሞጆ ልጅ፦ 30 ቀን? ይሄን አላውቅም ነበር። በቃ የሞጆውን እኔ እጽፋለሁ። ዝጉ ብዬ ግን አልጀምርም። ፍሳሹ ይለካ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይለጠፍ እላለሁ።

የቆዳ ሠራተኛ፦ እንደዚያ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። ፋብሪካው ለጥገና ቢቆም የሠራተኛው ደመወዝ እንዳይቋረጥ የሚል መስመር ጨምርበት።

የሞጆ ልጅ፦ እጨምራለሁ። እሑድ እንገናኝና አብረን እናንብበው።