ነርሲንግ ለመጀመር፦ ሞንጎመሪ ወይስ ፕሪንስ ጆርጅስ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ላንግሊ ፓርክ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) ሞልቻለሁ፣ ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) እሠራለሁ። መኪና የለኝም።

ችግሬ የካውንቲ (በስቴቱ ውስጥ ያለ የአስተዳደር ክፍል) ድንበር ነው። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንግ የሚያስተምርበት የታኮማ ፓርክ ካምፓስ ቅርቤ ነው። ግን የፕሪንስ ጆርጅስ ነዋሪ ስለሆንኩ፣ እዚያው ሜሪላንድ እየኖርኩ እንኳ የምከፍለው ከካውንቲ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በተተመነው ዋጋ ነው። የራሴ ካውንቲ ኮሌጅ ይረክስልኛል፤ ዋናው ካምፓሱ ግን ላርጎ ነው። መንገዱን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ሌሊት ሙሉ ታካሚ ሲያገላብጡ አድረው፣ አውቶቡስና ባቡር እየቀያየሩ ለጠዋት የአናቶሚ ላቦራቶሪ መድረስ የሚቻል አይመስለኝም። የሞንጎመሪ ነዋሪ ለመሆን እዚያው ካውንቲ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ልከራይ ብዬም ጠየቅኩ፤ ከትምህርቱ የሚተርፈኝን ኪራዩ ይበላዋል። ነዋሪ ተብሎ ለመመዝገብም ቀድሞ 3 ወር መኖር ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ነርሲንግ የባለሙያ እጥረት ካለባቸው ዘርፎች ስለሚቆጠር ከሌላ ካውንቲ የመጣ ተማሪም በነዋሪ ዋጋ የሚማርበት የስቴት ፕሮግራም አለ አለችኝ። በዚህ መንገድ የተማራችሁ ካላችሁ፦ ቅናሹ ነርሲንግ ከመግባቴ በፊት ለምወስዳቸው እንደ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ ላሉ ኮርሶችም ይሠራል ወይስ ተቀባይነት ካገኘሁ በኋላ ብቻ ነው?