ስቲም በሐኪም ትእዛዝ? ጤና መድኑስ ይክፈልበት?

አስተባባሪ፦ እንግሊዝ አገር ብቸኝነትና ጭንቀት የበዛበትን ሰው ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ወደ አትክልት ቦታ፣ ወደ መዘምራን፣ ወደ ዋና ይልከዋል። «ማኅበራዊ ማዘዣ» ነው የሚባለው። አሁን ደግሞ የሰፈር ሳውናም፣ ማለት እንደ ስቲም ሰው ገብቶ የሚያልብበት የጋለ ክፍል፣ ይታዘዝ የሚሉ መጥተዋል። ባሕር ዳር ወይ ደብረ ማርቆስ ላይ ጤና ጣቢያ ሰውን ወደ ስቲም ቢልክ፣ የማኅበረሰብ ጤና መድኑም ቢከፍል፣ ትስማማላችሁ?

የማርቆስ ልጅ፦ በሁለት እጄ! ፊንላንዶች 5.5 ሚሊዮን ሆነው 3 ሚሊዮን ገደማ ሳውና አላቸው። ኩኦፒዮ በምትባል ከተማቸው አካባቢ 2,315 ወንዶችን 20 ዓመት ያህል ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 4 ቀንና ከዚያ በላይ የሚገቡት በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚሞቱት አንዴ ብቻ ከሚገቡት በጣም ባነሰ ቁጥር ነው። የጮቄ ብርድ አጥንት ድረስ የሚገባብን እኛ ምን እንጠብቃለን?

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ጥናቱ ተከታትሎ አየ እንጂ ዕጣ አውጥቶ ግማሹን አስገብቶ ግማሹን አስቀርቶ አልሞከረም። በሳምንት አራት ቀን ሳውና የሚቀመጥ ሰው ድሮውንም አቅም ያለው ነው። ደግሞ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አባት ከ80 ዲግሪ ክፍል ብድግ ሲሉ ማን ይደግፋቸዋል? በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ያልቀመሰ ሰው ላብ በላብ ሲሆንስ? ማዘዣ ከተባለ የማይታዘዝለትም ሰው መለየት አለበት።

የቡሬው ነጋዴ፦ መድኑ መነፅር እንኳ አይሸፍንም፣ እናንተ ስቲም ትላላችሁ። በመድን ካርዱ ሄዶ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» የተባለውን ገበሬ ጠይቁት እስቲ።

እናት ከፍኖተ ሰላም፦ ልጆቼ፣ ወይባ ጢስ እያለ ምን አስጨነቃችሁ?

ነርሷ፦ እማማ፣ ወይባው ጢስ ነው፣ ያኛው ደረቅ ሙቀት ወይ እንፋሎት። በተዘጋ ቤት የከሰል ጢስ ስንቱን እንደጨረሰ ያውቃሉ።

የሰንበቴ ጸሐፊ፦ እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ሰንበቴ አለን፣ እድር አለን፣ ግሽ ዓባይ ጠበል አለ። ሰው ናፈቀኝ ያለ እነዚህ አይበቁትም?

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ አይበቁትም። ማኅበር የሚጠጣ ሰው ተራው ሲደርስ መደገስ አለበት። እጅ ያጠረው «አሞኛል» እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀርና በዚያው ይወጣል። ለሥራ ተመድቦ የመጣው፣ ተፈናቅሎ ቤት የተከራየው፣ የማን ሰንበቴ ይገባል? እኛ ከተማ ወጣቶች ተደራጅተው የከፈቱት ሻወር ቤት አለ። በቆርቆሮ የተከለለ፣ ውኃው በባሕር ዛፍ ፍልጥ የሚሞቅ። ሽማግሌዎቹ ታጥበው ከወጡ በኋላ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው በር ላይ ካለው አግዳሚ አይነሱም። ገላ መታጠቡ ሩብ ሰዓት፣ ወሬው ሁለት ሰዓት! ድግስ የለ፣ ተራ የለ። ሐኪም የሚልክ ከሆነ ወደዚያ አግዳሚ ይላክልኝ።

የማርቆስ ልጅ፦ ይኸው፣ እኔስ ምን አልኩ!

ከዳንግላ፦ አንተማ 80 ዲግሪ ነው ያልከው። እኔ ሙቅ ውኃና መቀመጫ ነው የምለው። ለሳውና ማገዶው ራሱ መከራ ነው። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ደከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክሎ ከሰል አክስሎ የሚሸጥ ገበሬ በነፃ አይሰጥህም። ኤሌክትሪክ ካልከኝ ደግሞ መብራት ሲሄድ ታካሚውን ምን ልትለው ነው?

የቡሬው ነጋዴ፦ አግዳሚ ከሆነ መድን ምን አገባው፣ እድሩ ያሠራው።

የሰንበቴ ጸሐፊ፦ እድር ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ እንዲህ በዋዛ አያወጣም፣ እኔ ስብሰባውን አውቀዋለሁ።

ነርሷ፦ ገንዘቡን ተዉት፣ የታዘዘለት ሰው ሄዶ እንደሆነ ማን ያያል? እንግሊዞቹ ለዚሁ ብቻ የተቀጠረ አገናኝ ሠራተኛ አላቸው። እኛ ጋ የጤና ኤክስቴንሽኗ ላይ ልትጭኑት ከሆነ፣ እሷ ክትባቱንም የእናቶቹንም ክትትል ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር ነው የምትውለው።

እናት ከፍኖተ ሰላም፦ ሁላችሁም ስለ ወንድ ነው የምታወሩት። ሴቶቹ የምንገባበት ቀን መቼ ነው? ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአዘቦቱ እንጀራው አለ።