የወደቀ ሞጁል ይዞ ወደሚቀጥለው ዓመት ማለፍ፦ ድጋሚ ፈተና ይሻላል ወይስ ሞጁሉን ከመጀመሪያው መድገም?

ጠያቂ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በዚህ ሴሚስተር 4 ክሬዲት ባለው የተግባራዊ ሒሳብ ሞጁል ኤፍ አግኝቻለሁ። የቀሩትን ሞጁሎች በሙሉ አልፌአለሁ፤ እስካሁን በተመዘገብኩባቸው 60 ክሬዲቶች የተሰላው ድምር አማካይ ነጥቤም 2.40 ነው። ይህን ሞጁል ሳላልፍ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ መመዝገብ እችላለሁ? ድጋሚ ፈተና ብቻ ልፈተን ወይስ ሞጁሉን ከመጀመሪያው ልድገመው? ከደገምኩ በኋላስ የቀድሞው ኤፍ ከአማካይ ነጥቤ ይወጣል ወይስ እዚያው ይቆያል? ከጓደኞቼ የማገኘው መልስ እርስ በርሱ ስለሚጋጭ፣ አሠራሩን በቅርብ የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

የቀድሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። መልሶቹ የተጋጩት ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ ስለማይናገሩ ይመስለኛል። ወደሚቀጥለው ዓመት ማለፍ አንድ ጉዳይ ነው፤ የወደቀውን ሞጁል ማሟላት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አንዱ ተፈቀደ ማለት ሌላው ቀረ ማለት አይደለም።

ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሳልፉበት መንገድ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ዓመቱ ራሱ እንደ አንድ ጥቅል ይታያል። ለምሳሌ በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲግሪ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በዓመት 120 ክሬዲት ይወስዳል። የሞጁል ማለፊያ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 40 ሲሆን፣ የወደቀ ተማሪ አዲሱ የትምህርት ዓመት ከመጀመሩ በፊት ድጋሚ ፈተና ይፈተናል፤ በድጋሚው 70 ቢያመጣ እንኳ በአብዛኛው የሚመዘገብለት 40 ብቻ ነው። በጥቂት ነጥብ የወደቀን ሞጁል በሌሎች ሞጁሎች ውጤት የማካካስ ደንብ ያላቸውም አሉ። በፈረንሳይ ማለፊያው ከ20 10 ሲሆን፣ የአንዱ ትምህርት ጉድለት በሌላው ብልጫ ሊሸፈን ይችላል።

በሁለተኛው ዓይነት፣ የአሜሪካን ሥርዓት በተከተሉ ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚታየው፣ «የሦስተኛ ዓመት ተማሪ» የሚለው ስያሜ ተማሪው ያጠራቀመውን የክሬዲት ብዛት ከመግለጽ ብዙም አያልፍም። የሚያስጠነቅቀውና የሚያሰናብተው ድምር አማካይ ነጥቡ ነው፤ በብዙ ቦታ ወለሉ 2.00 ነው። የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ በኤፍና በአማካይ ነጥብ የሚሠራ በመሆኑ ወደዚህኛው ስለሚቀርብ፣ በ2.40 ከትምህርት ገበታ የሚያግድዎት ነገር ያለ አይመስለኝም። ትክክለኛው በር ግን ሌላ ነው፤ ተግባራዊ ሒሳብ ለየትኞቹ የሦስተኛ ዓመት ሞጁሎች ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ይመልከቱ። ስምዎ በሦስተኛ ዓመት መዝገብ ላይ ሰፍሮም ዋናዎቹን ሞጁሎች መመዝገብ ሊከለከሉ ይችላሉ።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦

ወንድሜ፣ ከላይ የተሰጠህ ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ነጥቡ ስሌት ልጨምርልህ። 60 ክሬዲት በ2.40 ሲባዛ 144 ነጥብ ይሆናል። ኤፍ ያገኘህበት ሞጁል 4 ክሬዲቱን በአካፋዩ ላይ ያስቆጥራል እንጂ ለነጥቡ የጨመረልህ ነገር የለም። ሞጁሉን ደግመህ ሲ (በክሬዲት 2 ነጥብ) ብታገኝ 8 ነጥብ ስለሚጨመር ድምሩ 152 ይሆናል። ደንቡ አዲሱን ውጤት በአሮጌው ቦታ የሚተካ ከሆነ 152 ለ60 ተካፍሎ አማካይህ ወደ 2.53 ከፍ ይላል። ሁለቱም ሙከራዎች የሚቆጠሩ ከሆነ ግን የሚካፈለው ለ64 ነው፤ ውጤቱም 2.375 ይመጣል። ሞጁሉን አልፈህ አማካይ ነጥብህ ከበፊቱ ዝቅ ይላል ማለት ነው! በዚህኛው ስሌት አማካይህን ከፍ ለማድረግ ሲ አይበቃም፤ ቢ (በክሬዲት 3 ነጥብ) ብታገኝ 156 ለ64 ተካፍሎ 2.44 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት የትኛው ስሌት እንደሚሠራበት ሬጅስትራርን ጠይቅ። በመተካት በሚሠሩ ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆን የቀድሞው ኤፍ ከስሌቱ ይወጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ ከትራንስክሪፕቱ ላይ አይፋቅም።

የሒሳብ መምህር፦

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ውሳኔውን በአማካይ ነጥብ ብቻ መመሥረት አይገባም ባይ ነኝ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ተማሪው የወደቀው የት ላይ ነው የሚለው ነው። በተከታታይ ምዘናው ጥሩ ሠርቶ የመጨረሻው ፈተና ብቻ ያበላሸበት ተማሪ በድጋሚ ፈተና ሊያልፍ ይችላል። ከመጀመሪያው የክፍል ፈተና ጀምሮ እየወረደ የመጣ ተማሪ ግን በጥቂት ሳምንታት ጥናት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንንና ላፕላስ ትራንስፎርምን አስተካክሎ ይይዛል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። በምህንድስና እነዚህ ርእሶች በሲግናልና ሲስተም፣ ቀጥሎም በቁጥጥር ምህንድስና ተመልሰው ስለሚመጡ፣ ለጥቂት በድጋሚ ፈተና ያለፈ ተማሪ ያልተረዳው ነገር እዚያ ይጠብቀዋል። በእኔ እይታ በ2.40 እና በ2.38 መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው።

ሌላው የሙከራ ብዛት ነው። በጀርመን አንድን ፈተና ብዙውን ጊዜ እስከ ሦስት ጊዜ ድረስ ብቻ መፈተን ይቻላል፤ የግዴታ ፈተናን በመጨረሻው ሙከራም የወደቀ ተማሪ ከዚያ የትምህርት መስክ ይሰናበታል። የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ደንብ ይህን ያህል ጥብቅ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ድጋሚ ፈተናው እንደ አንድ ሙከራ የሚቆጠር ከሆነ ሳይዘጋጁ «ልሞክረው» ብሎ መግባት ትርፉ ኪሳራ ነው።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሥርዓተ ትምህርቱን ተመልክቼ ተግባራዊ ሒሳብ ለሲግናልና ሲስተም ቅድመ ሁኔታ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሲግናልና ሲስተም የሚሰጠው በሦስተኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ሲሆን፣ ተግባራዊ ሒሳብ ግን በሁለተኛው ሴሚስተር ብቻ ነው የሚሰጠው። በተከታታይ ምዘናው ከ50 32 ነበረኝ፤ የጣለኝ የመጨረሻው ፈተና ነው። የድጋሚ ፈተና ውጤትም ከምዝገባ በፊት እንደሚገለጽ ተነግሮኛል።

የቀድሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፦

እንግዲህ አሁን የገለጹት ነገር ውሳኔውን ይለውጠዋል። ሞጁሉን ከመጀመሪያው ልድገም ካሉ ተግባራዊ ሒሳብን የሚያጠናቅቁት በሦስተኛ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ሲግናልና ሲስተም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ወደ አራተኛ ዓመት መጀመሪያ ይሻገራል፤ በእሱ ላይ የተመሠረተው የቁጥጥር ምህንድስናም ከዚያ በኋላ ይመጣል። የአንድ 4 ክሬዲት ሞጁል መዘግየት ምረቃን በሙሉ ዓመት ሊያዘገይ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፤ አማካይ ነጥባቸው ከ3.00 በላይ የሆኑ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሲቸገሩበት አይቻለሁ። የተከታታይ ምዘና ውጤትዎ መምህሩ ከጠቀሱት የመጀመሪያው ዓይነት ተማሪ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ድጋሚ ፈተናውን ቢመርጡ እደግፋለሁ።

ከፈተናው በፊት የሚያጣሯቸው ነገሮች አሉ። ድጋሚ ፈተናው ከ50 ተይዞ በነበረዎት 32 ላይ ይደመራል ወይስ ብቻውን ከ100 ይያዛል? ይህ የዝግጅትዎን መጠን ይወስናል። የታረመውን የመጨረሻ ፈተና ወረቀት ለማየትም ያመልክቱ፤ የእርማት ቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ በብዙ ቦታ አጭር ስለሆነ ይህን ለነገ አያሳድሩት። ምናልባት በድጋሚው ካልተሳካ፣ ቅድመ ሁኔታው በልዩ ፈቃድ ተነሥቶልዎ ሲግናልና ሲስተምን እንዲመዘገቡ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። ፈቃዱ የሚሰጠው በጥቂት አጋጣሚ ብቻ ነው፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ ደግሞ በሬጅስትራር ዘንድ ዋጋ የለውም።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈቃዱ ተሰጥቶህ የወደቀውን ሞጁል ከሦስተኛ ዓመት ትምህርት ጋር ጎን ለጎን የምትወስድ ከሆነ፣ የሁለቱ ዓመታት የክፍል መርሐ ግብር እንዳይጋጭብህና በሴሚስተር ከተፈቀደው የክሬዲት ጣሪያ እንዳታልፍ አስቀድመህ ከአማካሪህ ጋር ተመልከተው። ጣሪያው ከሞላብህ ለሌላ ሞጁል ቅድመ ሁኔታ ያልሆነውን የምርጫ ትምህርት ወደ ኋላ ማስተላለፍ ትችላለህ።