የተአምር ናፍቆት በመድረክ ላይ፦ የሕዝብ ገንዘብ ይገባዋልን?

አወያይ፦ መከራከሪያችን አጭር ነው። የአልኬሚን፣ ማለትም ተራ ብረትን ወርቅ ለማድረግ ይደረግ የነበረውን የጥንት ሙከራ፣ እንዲሁም የአምልኮ ሥርዓትን መልክ ይዞ የሰውን የተአምር ናፍቆት የሚቀሰቅስ የክዋኔ ጥበብ በሕዝብ ገንዘብ ሊደገፍ ይገባል?

የኬሚስትሪ መምህር፦ አይገባም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኢቭ ክላይን እ.ኤ.አ. እስከ 1962 ድረስ ባዶ ስፍራን በወርቅ ይሸጥ ነበር። ገዢው ደረሰኙን ሲያቃጥል ክላይን የወርቁን ግማሽ ፓሪስ ላይ ሴን ወንዝ ውስጥ ይጥላል። ምን ቀረ? አልኬሚስቶቹ ቢሳሳቱም እጃቸው ባዶ አልነበረም። ጀርመናዊው አልኬሚስት ሄኒግ ብራንድ በ1669 ሃምቡርግ ውስጥ ወርቅ ፍለጋ ሽንት ሲያፈላ ፎስፈረስን አገኘ፤ በጨለማ የሚያበራ ነገር! ስሕተቱ እንኳ ለሰው ልጅ ተረፈ።

የቴአትር ባለሙያ፦ መምህር፣ ያገኘውን ቆጠሩለት፤ የፈለገውን ግን አልቆጠሩለትም። ያን ሁሉ ሽንት ያስፈላው ናፍቆት ነው፤ እኛም የምንመረምረው እርሱን ነው። የቤልጅየም ተወላጁ ሠዓሊ ፍራንሲስ አሊስ በ2002 ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ ወጣ ብሎ ለ500 ፈቃደኛ ሰዎች አካፋ ሰጥቶ አንድ ግዙፍ የአሸዋ ኮረብታ እንዲገፉ አደረገ። ጎን ለጎን ተሰልፈው እየዛቁ ኮረብታውን ተሻገሩ። ፈቀቅ ያለው 10 ሳንቲሜትር ያህል ነው። እምነት ተራራ ያንቀሳቅሳል የሚለውን እኛ በአፋችን እንለዋለን፤ እነርሱ በወገባቸው አወቁት። የትኛው ማታለል ነው?

የሥነ መለኮት ተማሪ፦ የእኔ ቅሬታ ከገንዘቡ ላይ አይደለም። ሥርዓት ባለቤት አለው። ትውልድ በጾምና በጸሎት ያቆየውን አንድ ሰው ለአንድ ምሽት ተውሶ ሲያሳየን የምናየው ገለባውን ነው። ክላይን ራሱ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1961 በኢጣሊያ ካሻ ከተማ ለቅድስት ሪታ ገዳም ቀለምና ወርቅ የያዘ ሣጥን ስሙን ሳይናገር አስረከበ። ሥራው የእርሱ መሆኑ የታወቀው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እውነተኛ ስለቱን ሲያስገባ ተመልካች አልጠራም!

የቴአትር ባለሙያ፦ ይህ ልቤን ነክቶታል፣ አልክድም። ግን ስለቱን ያስገባው እጅ ወርቁን ወንዝ ውስጥ ከጣለው እጅ የተለየ አይደለም። አንዱን ጸሎት፣ ሌላውን ገለባ ለማለት አልደፍርም።

የሥነ መለኮት ተማሪ፦ እኔም በሰው ልብ ላይ አልፈርድም፤ ልዩነቱ ግን ይታየኛል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ አንድ ሥራ ግን ይረታኛል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ጆሴፍ ቦይስ በ1982 በጀርመኗ ካሰል ከተማ የሩሲያው ገዥ የአስፈሪው ኢቫን ዘውድ ቅጂ የነበረን የወርቅ ዘውድ በሕዝብ ፊት አቅልጦ ጥንቸል አደረገው። አልኬሚስት ተራውን ብረት ወርቅ ሊያደርግ ይደክማል፤ ይህ ሰው የሥልጣንን ወርቅ ወስዶ ፈሪ እንስሳ አደረገው። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ 7,000 ዛፎችን ለመትከል ዋለ። እርሱ በ1986 አረፈ፤ የመጨረሻው ዛፍ በ1987 ተተከለ። ጥላው ሥር መቀመጥ ይቻላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዘብ ይሰጥ።

የቴአትር ባለሙያ፦ ፍሬውን አይተው ነው የፈረዱት፣ መምህር። ዘውዱ በቀለጠበት ቀን አብዛኞቹ ዛፎች ገና አልተተከሉም ነበር። ያን ጊዜ ገንዘብ መዳቢው እርስዎ ቢሆኑ፣ ዘውድ አቅልጬ ጥንቸል ላድርግ ብሎ ለመጣ ሰው ይፈቅዱ ነበር?

የኬሚስትሪ መምህር፦ እውነቱን ልናገር፤ አልፈቅድም ነበር።